ሳልዘጋጅ የሮጥኳቸው 5 ኪሎ ሜትሮች

ታናሽ እህቴ ለ5 ኪሎ ሜትሩ የጎዳና ላይ ሩጫ ስታስመዘግበኝ ለውድድሩ ገና 9 ሳምንታት ይቀሩት ነበር። ይህ ለጀማሪ በቂ ጊዜ ነው። ለዚህ ርቀት ተብለው የሚዘጋጁት የታወቁ የጀማሪ መርሐ ግብሮች አብዛኞቹ ሁለት ወር ገደማ የሚፈጁ ሲሆኑ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ጥቂት በመሮጥና ጥቂት በመራመድ ተጀምረው የመራመጃውን ጊዜ በየሳምንቱ እያሳጠሩ ይሄዳሉ። እኔ ግን በእነዚያ 9 ሳምንታት ውስጥ ለልምምድ የወጣሁት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስቱም ተደምረው ከግማሽ ሰዓት አይበልጡም።

ለሚጠይቀኝ ሁሉ የሥራ ብዛትን ምክንያት አደርግ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ሦስቱም ቀን የሆነው አንድ ዓይነት ነገር ነበር፤ የጫማዬን ክር አጥብቄ፣ ሰው ሲሮጥ አይቼ በማውቀው ፍጥነት እነሳለሁ፤ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ትንፋሼ ይቆራረጣል፣ ጉሮሮዬ ይደርቃል፣ እቆማለሁ፤ ከዚያም ሰውነቴ ለሩጫ አልተፈጠረም ብዬ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። አንድም ቀን የተነሳሁበትን ፍጥነት አልጠረጠርኩም። በእኔ አእምሮ መሮጥና መፍጠን አንድ ነበሩ፤ ሶምሶማ የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ባውቀውም፣ ከፈጣን እርምጃ ጥቂት ብቻ ከፍ የሚል፣ ለረጅም ጊዜ የሚያዘልቅ፣ ራሱን የቻለ አካሄድ መሆኑን በእግሬ አላውቀውም ነበር። ያልሠለጠነ ሰው የሚጎድለው ጉልበት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ሩጫ በኋላ ግን፣ ከጉልበቱ አስቀድሞ የሚጎድለው ቀስ ብሎ መሮጥን ማወቅ እንደሆነ አምናለሁ፤ ይህን የምጽፈውም እንደ እኔ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ተስፋ የቆረጠ ሰው ካለ እንዲያነበው ብዬ ነው።

ውድድሩ አራት ቀን ሲቀረው ድንጋጤ ያዘኝ። ረቡዕ ማታ ወጥቼ ሙሉውን 5 ኪሎ ሜትር ልሞክረው እንደሆነ ለእህቴ በስልክ ነገርኳት፤ እርሷ ለዓመታት የሮጠች በመሆኗ ፈቃዷን የፈለግሁ ይመስለኛል። «እትዬ፣ እባክሽ ተይው» አለችኝ። «የአራት ቀን ልምምድ ድካም እንጂ ጉልበት አያመጣልሽም። ያላደረግሽውን አሁን አታካክሺውም፤ ይልቅ እረፊ፣ በደንብ ተኚ።» ልክ ነበረች። ሰውነት ለልምምድ የሚሰጠው ምላሽ በሳምንታት የሚለካ ነው፤ ልብና የደም ሥር በአንጻራዊነት ፈጥነው ሲላመዱ፣ ጅማትና አጥንት ደግሞ ከእነርሱም ይዘገያሉ። በሚሮጥ ሰው እግር ላይ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚያርፈው ጫና ከሰውነቱ ክብደት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳልና፣ ያልለመደ እግርን በመጨረሻው ሳምንት ማስጨነቅ ጉዳት መጥራት ነው።

በዚያ ሳምንት ያደረግሁት አንድ ጠቃሚ ነገር ሐኪም ዘንድ መሄዴ ነው። አባታችን የደም ግፊት ሕመምተኛ ናቸው፤ እኔም ለዓመታት ወንበር ላይ ተቀምጬ የምሠራ ሰው ነኝ። ግፊቴ ተለካ፣ ልቤ ተደመጠ፣ በእንቅስቃሴ ጊዜ ደረቴን አሞኝ ወይም ራሴን ስቼ እንደማውቅ፣ በቤተሰባችን ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው እንዳለ ተጠየቅሁ። ለሁሉም መልሴ «የለም» ስለነበር፣ በዝግታ እንድጀምርና ደረቴ ላይ ሕመም ወይም ጫና፣ አልያም ራስ መዞር ከተሰማኝ ወዲያው እንድቆም ተነግሮኝ ወጣሁ። ሳይዘጋጅ ለመሮጥ የሚያስብ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢዘልል ይህን እንዳይዘልል አጥብቄ እለምነዋለሁ። ጫማን በተመለከተም እህቴ የሰጠችኝ ምክር አጭር ነበር፤ በውድድሩ ቀን አዲስ ጫማ አታድርጊ አለችኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ስራመድበት የቆየሁትን፣ ቅርጹን ከእግሬ የተቀበለውን ጫማ አደረግሁ፤ እግሬም ሳይላጥና ውሃ ሳይቋጥር ጨረሰ።

የውድድሩ ዕለት ከሁሉ የፈራሁት የመጨረሻ መሆንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ለንደን በሚገኘው ቡሺ ፓርክ 13 ሯጮች ይዞ ተጀምሮ ዛሬ በብዙ አገሮች በየሳምንቱ በሚካሄደው የፓርክራን ሩጫ፣ ማንም ሰው የመጨረሻ እንዳይሆን ሆን ብሎ ከሁሉም ኋላ የሚሄድ በጎ ፈቃደኛ እንደሚመደብ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። የእኛም አዘጋጆች እንዲህ ያለ ሰው መድበው ነበር። አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ያን ሁሉ ሌሊት አልገላበጥም ነበር።

እህቴ ከፈጣኖቹ ጋር ልትቆም ወደ ፊት ስትሄድ፣ «እትዬ፣ አንቺ ከኋላ ቁሚ፤ የሚቆጠርልሽ መስመሩን ካለፍሽ በኋላ ያለው ነው» ብላኝ ነበር። በመለያ ቁጥራችን ጀርባ ያለችው ትንሽ ቺፕ ሰዓቱን መቁጠር የምትጀምረው ሯጩ የመነሻውን መስመር ሲረግጥ በመሆኑ፣ ከኋላ መነሳት በራስ ሰዓት ላይ ምንም አይጨምርም። ሆኖም ከሰው ጋር እየተገፋሁ ወደ ፊት ሄድኩና ቀጭን፣ ጡንቻቸው የጠነከረ፣ እግራቸውን እያፍታቱ ከሚዘሉ ሰዎች መሃል ራሴን አገኘሁት። ስንለቀቅ ሁሉም ሮጠ፤ እኔም አብሬያቸው ሮጥኩ።

የመጀመሪያዎቹ 500 ሜትሮች እጅግ ቀላል ነበሩ። እንዲያውም ለአፍታ፣ ለካስ እችላለሁ የሚል ደስታ ደረቴን ሞላው። በኋላ ስረዳው ያ ቅለት የራሱ ምክንያት አለው። ጡንቻ ሥራ ሲጀምር የሚፈልገውን ኦክስጅን በዚያው ቅጽበት አያገኝም፤ ትንፋሽና የልብ ምት ከፍላጎቱ ጋር እስኪስተካከሉ ድረስ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያልፋል። በዚህ ክፍተት ጡንቻው በውስጡ ካለው ጥቂት የኃይል ክምችት፣ ቀጥሎም ያለ ኦክስጅን ከሚያብላላው ስኳር እየተበደረ ይሠራል፤ ሯጩም የሚሮጥበት ፍጥነት ምን እንደሚያስከፍለው ገና አይሰማውም። የሚሰማው ዕዳው ሲከማች ነው። የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ኃይል ከ10 እጅ 9ኙ ገደማ የሚገኘው በኦክስጅን አማካይነት በመሆኑ፣ በዚያ ብድር እስከ መጨረሻው መዝለቅ አይቻልም። ላልሠለጠነ ሰው ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል፤ ከሕዝቡ ጩኸት የሚመጣው ግለት፣ ለቀናት ያረፈ እግርና ይህ የዘገየ ስሜት ሦስቱም ተባብረው ፍጥን ይሉታል። የሠለጠነው ሰው ይህን ስሜት አያምነውም፣ ደጋግሞ ስላየው። እኔ ግን አመንኩት።

የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር የጨረስኩት በ5 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ነው። ምልክቱን ሳልፍ ቁና ቁና እተነፍስ ነበር። ጥቂት እንደሄድኩ ቀኝ ጎኔን ከጎድን አጥንቴ ሥር ውጋት ያዘኝ፤ እንደ ጩቤ የሚወጋ፣ እያንዳንዱን ትንፋሽ ከግማሽ የሚመልስ ውጋት። ለዚህም አስተዋጽኦ አድርጌያለሁ፤ ኃይል ይሰጠኛል በሚል ግማሽ ሰዓት ቀደም ብዬ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ጣፋጭ ጭማቂ ጠጥቼ ነበር። ሩጫ ሊጀመር ሲል ብዙ መጠጣት፣ በተለይ ስኳር የበዛበት መጠጥ፣ ውጋትን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች ዋነኛው ነው፤ ለ5 ኪሎ ሜትር የሚበቃው ስኳር ደግሞ ቀድሞውንም በጡንቻና በጉበት ውስጥ ተከማችቶ ይገኛል። ጎኔን በእጄ ተጭኜ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ትንፋሼን በረጅሙ እያወጣሁ መሮጤን ቀጠልኩ፤ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር 7 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ወሰደብኝ።

ሦስተኛው ላይ ቆምኩ። በትክክል ለመናገር መራመድ ጀመርኩ፤ ነገር ግን በዚያች ሰዓት ሁለቱ ለእኔ አንድ ነበሩ። ከኋላዬ የነበሩት፣ መነሻው ላይ ቀድሜያቸው የቆምኩት ሰዎች በግራና በቀኝ ያልፉኝ ጀመር። ዕንባዬ መጣ። የመጣው ከሕመሙ ይልቅ፣ ዘጠኙን ሳምንት ሁሉ ሸሽቼው የነበረው ፍርድ በአደባባይ የተነበበብኝ ስለመሰለኝ ነው።

ከጎኔ አንድ አዛውንት ደረሱ። ሰባዎቹን ያለፉ ይመስላሉ። ይሮጣሉ ለማለት ቢያስቸግርም እግራቸው ከመሬት ይነሳል፤ ሰዓታቸውን አይተው ወደ እርምጃ ተመለሱና ከእኔ ጋር እኩል መሄድ ጀመሩ።

«የመጀመሪያሽ ነው የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

«ከማን ጋር መጣሽ?»

«ከእህቴ ጋር ነው፤ እርሷ ከፊት ናት» ለማለት ሞክሬ ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ትንፋሼ ተቋረጠ። ዝም ብለው ጠበቁኝ። ጥቂት ቆይተው ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ቀጥለው ቤቴ ሩቅ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እርሱንም መለስኩ፤ በዚህኛው ቃሎቼ ሳይቆራረጡ ወጡ። ያን ጊዜ ፈገግ ብለው፣ «አሁን መሮጥ ትችያለሽ» አሉኝ። ለካስ የጠየቁኝ ሁሉ መልሱን ፈልገው ሳይሆን አተነፋፈሴን ለማዳመጥ ኖሯል።

አብረን ሶምሶማ ጀመርን። ፍጥነቱ ሩጫ ለመባል ያሳፍረኛል ብዬ የማስበው ዓይነት ነበር። ሁለት ደቂቃ ያህል ከሮጥን በኋላ፣ ገና ምንም ሳይደክመኝ፣ «እንራመድ» አሉኝ። እኔ ደህና ነኝ፣ ልቀጥል እችላለሁ አልኳቸው። «ደህና ሆነሽ ሳለሽ ነው መራመድ ያለብሽ ልጄ» አሉ። «ደክሞሽ የምትራመጂው እርምጃ አያሳርፍሽም፤ ድካሙን ተሸክመሽው ትሄጃለሽ።» አንድ ደቂቃ ተራመድን፤ እንደገና ሮጥን። ይህ የእርሳቸው ብቻ ዘዴ አለመሆኑን በኋላ አወቅሁ። እ.ኤ.አ. በ1972 የሙኒክ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር የተወዳደረው አሜሪካዊው ጄፍ ጋሎዌይ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጀማሪዎችን ሲያስተምር ያስፋፋው ይህንኑ ሩጫንና እርምጃን ገና ከመጀመሪያው እያፈራረቁ የመሄድ ስልት ነው። በንግግር መለካቱም ቢሆን በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ሰው እየሮጠ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻለ ፍጥነቱ ለረጅም ጊዜ የሚያዘልቀው ነው፣ ንግግሩ በየቃሉ ከተቆራረጠበት ደግሞ ያን ልክ አልፎታል። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጉናር ቦርግም የድካም ስሜትን ከ6 እስከ 20 ባለው ቁጥር እንዲገለጽ አድርጎ መለኪያ ሠርቶለታል፤ ሯጩ የሰጠው ቁጥር በ10 ሲባዛ በግምት የልብ ምቱ ላይ ያርፋል። የገዛ ስሜታችን እንደ መሣሪያ ሊታመን መቻሉ እኔን በጣም ያስደንቀኛል፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ስሜቴን የማዳምጠው ለማቆም ብቻ ነበር።

ሦስተኛው ኪሎ ሜትር በ9 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ አለቀ፤ አብዛኛው ብቻዬን የተራመድኩት ነው። በአራተኛው መንገዱ ቁልቁል ሆነ። አዛውንቱ እርምጃቸውን አሳጥረው ሲወርዱ እኔ ስበቱን ተከትዬ ለቀቅ አልኩና ቀደምኳቸው። ታችኛው ጥግ ላይ ቆሜ ልጠብቃቸው ስል በእጃቸው ሂጂ የሚል ምልክት አሳዩኝ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ የእርሳቸውን ሥርዓት ብቻዬን ያዝኩ። ሁለት ደቂቃ ሮጥኩ፣ አንድ ደቂቃ ተራመድኩ፤ ስሮጥ ለራሴ ድምፅ አውጥቼ ዓረፍተ ነገር እናገር ነበር፤ ሲቆራረጥብኝ እቀንሳለሁ። አራተኛው 8 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ፣ አምስተኛው 7 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ወሰደ። የመጨረሻውን መስመር ሳልፍ የተጣራ ሰዓቴ 39 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ነበር። ወዲያው መሬት ላይ ልቀመጥ ስል አንዲት በጎ ፈቃደኛ ክንዴን ይዛ፣ «አይ እህቴ፣ ገና አትቀመጪ፤ ጥቂት ተራመጂ» አለችኝ። በሩጫ ጊዜ ደምን ወደ ልብ ሲገፋ የቆየው የእግር ጡንቻ በድንገት ሥራውን ሲያቆም ደም እግር ውስጥ ይጠራቀማል፤ ብዙዎች መጨረሻው ላይ ተዝለፍልፈው የሚወድቁት በዚህ ምክንያት ነው። እህቴ ከሕዝቡ መሃል ወጥታ አቀፈችኝ። ምንም አላልኳትም፤ እርሷም ምንም አልጠየቀችኝም።

ማታ ቤቴ ሆኜ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው። 39 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ለ5 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 7 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ይደርሳል። ይህም ማለት ገና ከመነሻው ጀምሮ በዚያ ፍጥነት ብሄድ ኖሮ፣ ማለትም በአዛውንቱ ሶምሶማ ዓይነት፣ ያለ ውጋትና ያለ ዕንባ በዚያው ሰዓት እደርስ ነበር። በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ያተረፍኳቸው ሁለት ደቂቃዎች በሦስተኛውና በአራተኛው ተመልሰው ተወስደዋል። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየሁት።

ከዚያ ወዲህ የታላላቆቹን ሩጫ የማየው በሌላ ዓይን ነው። በሪሁ አረጋዊ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2021 ባርሴሎና ላይ 5 ኪሎ ሜትሩን በ12 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግቧል፤ አንዱ ኪሎ ሜትር በአማካይ 2 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ ገደማ መሆኑ ነው። እኔ በዚያች 12 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ የሁለተኛውን ኪሎ ሜትር ምልክት አላየሁትም ነበር። ነገር ግን አሁን ከፍጥነቱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ፣ እንዲህ ያለ ሰው የመጀመሪያው ደቂቃ የሚሰጠውን ያንን የሐሰት ቅለት አልፎ ኃይሉን እስከ መጨረሻው ሜትር ማከፋፈል መቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ሄልሲንኪ ላይ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቅ የወሰደው ቼኮዝሎቫካዊው ኤሚል ዛቶፔክ በዚያው ኦሎምፒክ በሕይወቱ የመጀመሪያ የሆነውን ማራቶን ሲጀምር፣ በወቅቱ ፈጣኑን የማራቶን ሰዓት የያዘውን እንግሊዛዊ ጂም ፒተርስን ፍጥነቱ ልክ እንደሆነ መንገድ ላይ ጠየቀው ይባላል። በፍጥነት የጀመረው ፒተርስ አቋረጠ፤ ዛቶፔክ በ2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ አሸነፈ። እኔን የሚያጽናናኝ ጥያቄው ነው። በዚያ ሳምንት ሁለት ወርቅ ያጠለቀ ሰው እንኳ ለማያውቀው ርቀት ፍጥነቱን ከሌላ ሰው መጠየቅ አላሳፈረውም።

ውድድሩ እሑድ ነበር፤ ማክሰኞ ጠዋት ደረጃ መውረድ አቃተኝ። መውጣቱን እችላለሁ፤ መውረድ ሲሆን ግን የጭኔ ፊት ለፊት ይንቀጠቀጥ ነበር። ብዙ ሰው ይህን ሕመም በላቲክ አሲድ ያሳብባል፤ በሰውነት ውስጥ ላክቴት ተብሎ የሚገኘው ይህ ነገር ግን ሩጫው ባለቀ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከጡንቻ ይወጣል፣ ይህ ሕመም ደግሞ የሚጠናው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ነው። የሚመጣው ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ሲሸከም በጥቃቅን ክሮቹ ላይ ከሚደርሰው ጉዳት ነው፤ ለዚህም ቁልቁለትን የሚያህል የለም። አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አዛውንቱ እርምጃቸውን ያሳጠሩት ለምን እንደሆነ የገባኝ በዚያ ደረጃ ላይ፣ መደገፊያውን በሁለት እጄ ይዤ ነው።

በ11ኛው ቀን እንደገና ወጣሁ። በዚህ ጊዜ ማንም አላስመዘገበኝም። አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ ብዬ ጀመርኩ። አራተኛው ዙር ላይ ስልኬ ጠራ፤ እህቴ ነበረች። የት እንዳለሁ ጠየቀችኝ፤ እየሮጥኩ ነው አልኳት። አላመነችኝም መሰለኝ፣ ምን እንደለበስኩ፣ መንገዱ ምን እንደሚመስል፣ ለመጨረሻ ጊዜ እናታችንን የጠየቅኳት መቼ እንደሆነ እየተከታተለች ጠየቀችኝ። እግሬ ሳይቆም ሁሉንም በሙሉ ዓረፍተ ነገር መለስኩላት።